ለጀማሪ ባንዳችን የሚሆን የጃፓን ሮክ ያገኘንበት መንገድ

የባንዳችን ልጆች የጃፓን ሮክን የወደዱት በአኒሜ (በጃፓን የካርቱን ፊልም) ነው። ጣጣውም እሱ ነበር። የአኒሜ መክፈቻ ዘፈኖች ብዙዎቹ ፈጣን ናቸው፤ ኮርዳቸውም (አንድ ላይ የሚመቱት ድምፆች) ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል። ልምምድ ላይ ድራሙ ወደፊት፣ ቤዙ ወደኋላ።

አሁን ዘፈን ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው የመሣሪያውን ብዛት ነው። ሞንጎል800 የተባሉት ባንድ የተነሡት ከጃፓኗ ኦኪናዋ፣ ሦስት ሆነው ነው፤ ዘፋኙ ራሱ ቤዝ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጡት «ቺይሳና ኮይ ኖ ኡታ» ጥቂት ኮርዶች ላይ ይሽከረከራል። ፍጥነቱ ግን አይናቅም። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) ዝቅ አድርገን ጀመርንና ቀስ በቀስ ከፍ አደረግነው።

ሁለተኛው ዘፈን ብሉ ሃርትስ የተባለው የፓንክ ባንድ «ሊንዳ ሊንዳ» ነው፣ የ1987። መግቢያው ድምፅና ጊታር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉም ባንዴ ይፈነዳል። ጊዜያችንን የበላችው ያቺ ቦታ ናት። ድራመሩ ዱላውን እያጋጨ አራት ካልቆጠረ ሁሉም በየፊናው ይገባል። ሙሉ ኮርድ ያቃተው ጊታሪስታችን በፓወር ኮርድ (ሁለት ድምፅ ብቻ ባለው ቀላል ኮርድ) ተገላገለ፤ ለፓንክ እንዲያውም ይሄ ይሻላል ባይ ነኝ።

ግጥሙን በፊደላችን ጻፍነው። ጃፓንኛ አናባቢው አምስት ብቻ ስለሆነ ለአፋችን አልከበደም። ሶሎ የሚበዛባቸውን ለጊዜው ትተናቸዋል።