ልብ ዕጢም መሆኑን በበግ ልብ ማስተማር

ልብ ደም ከመርጨት ሌላ እንደ ዕጢ ሆርሞን፣ ማለትም በደም የሚጓዝ መልእክተኛ ንጥረ ነገር፣ እንደሚያመነጭ ተማሪ ከልቡ የሚቀበለው በእጁ ይዞ ሲያየው ነው። ደሴ ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር የምከተለው መንገድ የሚከተለው ነው።

የበግ ልብ ሲገዙ፣ ባለ ሥጋ ቤቱ የላይኛውን ክፍልና ሥሮቹን ቆርጦ እንዳይጥል አስቀድመው ይንገሩት፤ ለዚህ ትምህርት የሚፈለገው ያው የሚጣለው ነውና። የረጋውን ደም አጥበው ካወጡ በኋላ፣ ግድግዳቸው ወፍራም የሆነውን የታችኞቹን ክፍሎች፣ ቬንትሪክሎችን፣ ስስ ከሆኑት ከላይኞቹ፣ ከኤትሪየሞች፣ ለይተው ያሳዩ። በኤትሪየሙ ጎን እንደ ጆሮ ተጣጥፎ የተለጠፈውን ሥጋ ተማሪዎቹ በጣታቸው ይዳስሱት።

ቀጥሎም ወደ ቀኙ ኤትሪየም ከሚገቡት ሁለት ትልልቅ ሥሮች አንዱን በጣት ዘግተው፣ ወደ ሳንባ የሚወጣውንም ሥር ጨብጠው፣ በቀረው ቀዳዳ ውኃ ቀስ እያሉ ያንቆርቁሩ። ታችኛው ክፍል ሲሞላ ኤትሪየሙ ይነፋል፤ ተጣጥፎ የነበረው ጆሮም ይወጠራል። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። የሞተ ልብ ሆርሞን ባይለቅም፣ በሕይወት ባለ እንስሳ ኤ.ኤን.ፒ. የተባለው ሆርሞን ከጡንቻ ሕዋሳቱ የሚለቀቀው ግድግዳው እንዲህ ሲለጠጥ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው አዶልፎ ዴ ቦልድና ባልደረቦቹ ከአይጥ ኤትሪየም ያወጡትን ጭማቂ ሌሎች አይጦችን ሲወጉ፣ ሽንታቸውም በሽንት የሚወጣው ጨውም በእጅጉ ጨመረ፤ ከቬንትሪክል የተወሰደው ግን ይህን አላደረገም።

አሁን ከአፋር የመጣ አሞሌ ልሶ ሐይቅ ዳር ውኃ የጠጣ በሬ እንዲያስቡ ያድርጉ። ጨውና ውኃው የደሙን መጠን ስለሚጨምሩ ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል፣ ኤትሪየሙ ይለጠጣል፣ ሆርሞኑም ወደ ደም ይገባል።

ተማሪ የሚቸገረው ተቀባይ ላይ፣ ማለትም ሆርሞኑን በሚይዘው የሕዋስ ክፍል ላይ ነው። በሰፈራችን «ቡና ጠጡ» ሲባል ድምፁን መንገደኛው ሁሉ ቢሰማም ብድግ የሚለው የተጠራው ጎረቤት ነው፤ ሆርሞኑም ከደሙ ጋር ሁሉም ጋ ቢደርስ፣ መልስ የሚሰጠው ተቀባዩ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ተቀባዩ ከሕዋሱ ውጭ ባለው ጫፉ ሆርሞኑን ሲይዝ፣ ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ ሳይክሊክ ጂ.ኤም.ፒ. የተባለ መልእክተኛ ይሠራል። በዚህም የደም ሥር ጡንቻ ይላላል፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ ያስወጣል፣ ጨው እንዲቀር የሚያደርጉት ሬኒንና አልዶስቴሮን ይቀንሳሉ፤ የደሙም ግፊት ዝቅ ይላል። ሆርሞኑን ከደም እየለቀመ የሚያስወግድ ሌላ ዓይነት ተቀባይም ስላለ መልእክቱ ብዙ አይቆይም።

በመጨረሻ ይህን ጥያቄ ያቅርቡላቸው፦ ሆርሞኑ እያላቸው ዋናው ተቀባይ እንዲጎድላቸው ተደርገው የተወለዱ አይጦች የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸውም የገዘፈ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለምን? መልሱን ከመናገርዎ በፊት ልቡን እንደገና በውኃ ሞልተው እንዲያዩ ጊዜ ይስጧቸው።