የሆም ቴአትር ሪሲቨርን አገናኝቶ ድምፁን እንዴት ማስተካከል ይቻላል

የሆም ቴአትር ሪሲቨር፣ ማለትም የቴሌቪዥንና የማጫወቻን ድምፅ ተቀብሎና አጉልቶ ለበርካታ ስፒከሮች የሚያከፋፍል ዕቃ፣ የገዙ ሰዎች የሚያሰሙት ቅሬታ ከቤት ቤት እምብዛም አይለያይም። ፊልሙ ውስጥ ፍንዳታ ሲመጣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ተዋንያኑ ሲነጋገሩ ግን ቃሉ አይለይም፤ ከኋላ የተሰቀሉት ስፒከሮች መኖራቸው እስኪረሳ ድረስ ዝም ይላሉ፤ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን) የሚያወጣው ስፒከር፣ ሰብዉፈሩ፣ ደግሞ ወይ ያለማቋረጥ ያጓራል፣ ወይ ጨርሶ አይሰማም። ብዙዎች ጥፋቱን በዕቃው ላይ ጥለው በሌላ ሊለውጡት ይነሣሉ። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሪሲቨሩ ደኅና ነው፤ የጎደለው ዕቃው ራሱ ለክቶ የመደበውን ቁጥር ተመልሶ የሚመረምር ሰው ነው። ስለዚህ ገመድ ስለ ማገናኘት በአጭሩ፣ ስለ ልኬቱና ከልኬቱ በኋላ ስለሚደረገው ምርመራ ግን በሰፊው እጽፋለሁ። ለምሳሌነት የወሰድኩት 5.1 የሚባለውን፣ ማለትም ከፊት ሦስት፣ ከተመልካቹ ጎንና ጎን ሁለት ስፒከሮችና አንድ ሰብዉፈር ያሉትን ነው። ከዚህ የበለጠ ስፒከር ያለው ሰውም አካሄዱ ያው ነው።

ቦታ መምረጥ

ሪሲቨር የሚሞቅ ዕቃ ነው። ከላዩ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይተዉለት፤ በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አያስገቡት፤ ሌላ ማጫወቻም ሆነ ጨርቅ አይደርቡበት። ለሰዓታት ከሠራ በኋላ በራሱ የሚጠፋ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የተበላሸ ሳይሆን የታፈነ ነው።

የፊት ግራና ቀኝ ስፒከሮችን ሲያስቀምጡ በመካከላቸው ያለው ርቀት እያንዳንዳቸው ከዋናው መቀመጫ ካላቸው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ስፒከር ከመሃል መስመር 30 ዲግሪ ላይ ያርፋል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ እስከ 22 ዲግሪ ድረስ ማጥበብ ይቻላል። የመሃሉን ስፒከር ከቴሌቪዥኑ ሥር ያስቀምጡና ፊቱን ወደ ተቀማጩ ጆሮ ትንሽ ቀና ያድርጉት፤ መደርደሪያ ውስጥ ወደ ኋላ ካስገቡት ድምፁ ከመደርደሪያው ወለል ላይ እየነጠረ የንግግሩን ጥራት ይቀንሰዋል። የዙሪያዎቹ ሁለት ስፒከሮች ከፊት ሲቆጠር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ከተቀማጩ ጎን ጥቂት ወደ ኋላ አልፈው፣ ከፍታቸውም ከጆሮ እኩል ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ መሆን አለበት። ቦታ ስለሌለ ብቻ ሁለቱን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መደርደር ከቁጥር ማሟያነት አያልፍም።

ገመድ ማገናኘት

ሪሲቨሩን ከመብራት ሶኬት ይንቀሉ። ለተራ ሳሎን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ ገመዱ በጣም የሚረዝም ከሆነ ወይም የስፒከሮቹ የኤሌክትሪክ መቋቋም 4 ኦም ከሆነ 2.5 መውሰድ ይሻላል። ከዚህ በላይ ለገመድ የሚወጣ ገንዘብ ለሰብዉፈር ቢቆጠብ ይመረጣል የሚል አቋም አለኝ። ላዩ መዳብ ተቀብቶ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ገመድም ስለሚሸጥ ጫፉን ቆርጠው መሃሉን ይዩት፤ ብርማ ቀለም ከታየዎት አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል።

ከጫፉ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ልጠው ክሮቹን አጥብቀው ይግመዱ። አንዲት ቀጭን ክር ወጥታ ቀዩንና ጥቁሩን መሰኪያ ካገናኘች ሪሲቨሩ ገና እንደበራ ራሱን ሊያጠፋ፣ ከከፋም ማጉያው ሊቃጠል ይችላል። በዚህ ምክንያት የባናና መሰኪያ የሚባሉትን ትንንሽ ጫፎች እመርጣለሁ፤ ድምፅ ያሻሽላሉ ብዬ አይደለም፣ ጠባብ ቦታ ላይ ጣት ሳያጣብቁ ስለሚገቡና ክር ስለማያስተርፉ ነው።

ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ጋር ይገናኝ። አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ሁለቱ ስፒከሮች አንድ በር ከሁለት ወገን እንደሚገፉ ሰዎች ይሆናሉ፤ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ቤዙ ግን እርስ በርሱ ተጠፋፍቶ ይሳሳል። ገመዱ ግድግዳ ውስጥ አልፎ የትኛው ጫፍ የትኛው እንደሆነ ከጠፋዎት ከሪሲቨሩ ነቅለው ሁለቱን ጫፎች ተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ላይ ለቅጽበት ብቻ ያስነኩ። ትልቁ የስፒከሩ ሾጣጣ ወደ ውጭ ብቅ ካለ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያለው ገመድ ከቀዩ የመጣ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ተገልብጧል ማለት ነው።

ሰብዉፈሩ የራሱ ማጉያ ስላለው በአንድ የአርሲኤ (ክብ መሰኪያ ያለው የድምፅ) ገመድ ብቻ ከሪሲቨሩ የሰብዉፈር መውጫ ጋር ይገናኛል።

ቴሌቪዥኑን ማገናኘት

ማጫወቻ ወይም የጌም ኮንሶል ካለዎት በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ይሰኩት። ከዚያ አንድ የኤችዲኤምአይ ኬብል ከሪሲቨሩ መውጫ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሂድ፤ በሁለቱም በኩል የሚሰካው አርክ ወይም ኢ-አርክ የሚል ምልክት ያለበት ቀዳዳ ላይ ነው። ድምፅን ከቴሌቪዥን ወደ ሪሲቨር የሚመልሰው አርክ በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር መጣ፤ የተሻሻለው ኢ-አርክ ደግሞ በ2017 ይፋ ከሆነው ኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር። ልዩነቱ በአቅም ነው፤ አርክ ከዙሪያ ድምፅ የተጨመቀውን ብቻ ያሳልፋል፣ ኢ-አርክ ግን ከዲስክ የሚነበበውን ያልተቀነሰ ድምፅ ጭምር ይሸከማል።

የኋላ ስፒከሮች ዝም የሚሉበት ዋና ምክንያት እዚህ ላይ ነው። የብዙ ቴሌቪዥኖች የድምፅ መውጫ ሲገዙ ፒሲኤም (ያልተጨመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ የተቀመጠ ሲሆን ይህ በአርክ በኩል ሁለት ቻናል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ድምፅ ብቻ፣ ይልካል። የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሜኑ ከፍተው ድምፁን እንደመጣ ለሪሲቨሩ የሚያሳልፈውን፣ ቢትስትሪም ወይም ፓስ ትሩ የሚለውን ይምረጡ። ሲኢሲ የሚባለውም፣ ማለትም በኤችዲኤምአይ የተገናኙ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዲታዘዙ የሚያደርገው ሴቲንግ፣ በሁለቱም ዕቃዎች ላይ መከፈት አለበት፤ ቴሌቪዥን አምራቾች ለዚህ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስም ስለሚሰጡት ፍለጋው ያሰለቻል። ከዚያ ፊልም ከፍተው የሪሲቨሩን የፊት ማሳያ ያንብቡ። ዶልቢ ዲጂታል ወይም አትሞስ ካለ የዙሪያው ድምፅ ደርሶታል፤ ስቴሪዮ ወይም ፒሲኤም 2.0 ካለ ወይ ሴቲንጉ አልተስተካከለም፣ ወይ ፕሮግራሙ ራሱ ከመነሻው በሁለት ቻናል የተሠራ ነው። የኋለኛው ከሆነ ጥፋት የለም፤ ሪሲቨሩ ሁለቱን ቻናል ለሁሉም ስፒከር እንዲያከፋፍል ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን የማድመጫ ዓይነት መምረጥ በቂ ነው።

ልኬቱ

አሁን ወደ ከባዱ ሥራ ደርሰናል። ከሪሲቨሩ ጋር ትንሽ ማይክሮፎን ይመጣል፤ ዴኖንና ማራንዝ ኦዲሲ፣ ያማሃ ደግሞ ዋይፓኦ በሚባል ፕሮግራም ይጠቀማሉ፣ ሌሎችም የየራሳቸው አላቸው። ሁሉም የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስፒከር የሙከራ ድምፅ እያወጡ ርቀቱን፣ የድምፁን ከፍታና ክፍሉ የሚጨምርበትን ወይም የሚቀንስበትን ይለካሉ።

ከመጀመርዎ በፊት የሰብዉፈሩን ቦታ ይወስኑ፤ የተሳሳተ ቦታ ላይ ያለን ሰብዉፈር የትኛውም ፕሮግራም ሙሉ በሙሉ አያቃናውም። ዘዴው ለተመልካች የሚያስቅ ቢሆንም ይሠራል። ሰብዉፈሩን ራሱን ዋናው መቀመጫ ላይ ያስቀምጡት፤ ተደጋጋሚና ጥልቅ ቤዝ ያለው ሙዚቃ ይክፈቱ፤ ከዚያ ሰብዉፈሩ ሊቀመጥባቸው በሚችሉ ቦታዎች ሁሉ ጆሮዎን ወደ ወለሉ አቅርበው ያዳምጡ። አንዱ ጥግ ላይ ቤዙ ያብጣል፣ ሌላው ጋ ይጠፋል። እያንዳንዱ ኖታ እኩል ከፍታ ይዞ የሚሰማበትን ቦታ ሲያገኙ ሰብዉፈሩን እዚያ ያስቀምጡት። በጀርባው ያለውን የክሮስኦቨር ማዞሪያ፣ ማለትም ድምፁ ከየት በላይ እንደሚቆረጥ የሚወስነውን፣ ወደ መጨረሻው ከፍታ ወይም ኤልኤፍኢ (የፊልም ልዩ የቤዝ ቻናል) ወደሚለው ያዙሩት፤ ድምፁን የሚቆርጠው ሪሲቨሩ ስለሆነ ሁለት ጊዜ መቆረጥ የለበትም። የቮሊዩም ማዞሪያው መሃል ላይ ይሁን።

ማይክሮፎኑን የካሜራ ማቆሚያ ላይ ይስቀሉ፤ ጫፉ ወደ ጣሪያ ይመልከት፣ ከፍታውም ሰው ሲቀመጥ ጆሮው የሚደርስበት ይሁን። አንድ ወዳጄ ማይክሮፎኑን የሶፋው መደገፊያ ጫፍ ላይ አጋድሞ ለክቶ የፊቶቹ ስፒከሮች ለምን እንደደነዙበት ሲገርመው ኖሯል። ጨርቁና ስፖንጁ ቀጭኑን ድምፅ ከፊሉን ይውጡታል፣ ከፊሉን መልሰው ያስነጥሩታል፤ ፕሮግራሙም ያንን የክፍሉ ጠባይ መስሎት ያርማል። ማቆሚያ ከሌለ ተበድሮም ቢሆን ማምጣት እንጂ ማይክሮፎኑን በእጅ ይዞ መቀመጥ አይገባም።

ማቀዝቀዣውንና ማራገቢያውን ያጥፉ፤ ከክፍሉ ይውጡ ወይም ከስፒከርና ከማይክሮፎን መካከል ሳይቆሙ ጥግ ይያዙ። የመጀመሪያው ልኬት ዋናው መቀመጫ ላይ መሆን አለበት፤ ርቀትና ከፍታ የሚሰላው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። የሚቀጥሉት ነጥቦች ከመጀመሪያው በግማሽ ሜትር ገደማ ዙሪያ ይወሰኑ። ልኬቱን ለሁሉም ሰው ፍትሐዊ ለማድረግ ብሎ ማይክሮፎኑን ግድግዳ ጥግ ድረስ ማንከራተት ውጤቱን ለማንም የማይስማማ አማካይ ያደርገዋል።

ቁጥሮቹን መመርመር

ልኬቱ አለቀ የሚል ጽሑፍ ሲመጣ ብዙ ሰው ሪሞቱን ያስቀምጣል። እርስዎ ግን የስፒከር ሜኑውን ይክፈቱ።

በመጀመሪያ የስፒከሮቹን መጠን ይዩ። ፕሮግራሙ የፊት ስፒከሮችን ላርጅ ብሎ መድቧቸው ከሆነ ወደ ስሞል ይለውጧቸው። ላርጅ ማለት ቤዙ ሁሉ ለስፒከሩ ይላክ ማለት ነው፤ ስሞል ሲሆን ግን ከተወሰነ ድምፀት በታች ያለው ለሰብዉፈሩ ይሄዳል። ሰብዉፈሩ የራሱ ማጉያ ስላለው የሪሲቨሩ ሸክም ይቀልለታል፣ ንግግሩም ይጠራል። መቁረጫውን (ክሮስኦቨሩን) 80 ኸርዝ ላይ ያድርጉ። ፕሮግራሙ ራሱ ለትንንሽ ስፒከር 100 ወይም 120 ከመረጠ ግን ዝቅ አያድርጉበት፤ ስፒከሩ ከዚያ በታች እንደማይችል ለክቶ ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። የስፒከሮቹ ርቀት በሜትር ከለኩት ጋር መቀራረብ አለበት። የሰብዉፈሩ ግን ከእውነተኛው በአንድና በሁለት ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ይህን ስሕተት መስሏቸው የሚያርሙት ብዙ ናቸው። ድምፅ በአንድ ሚሊ ሰከንድ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ የሰብዉፈሩ ውስጣዊ ማጉያና ማጣሪያ ድምፁን በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ካዘገየው ሪሲቨሩ ያንን መዘግየት በርቀት መልክ ይጽፈዋል። ቁጥሩን ወደ እውነተኛው ቢመልሱት ቤዙ ከሌላው ድምፅ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ ይተዉት።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። የሰብዉፈሩ ቁጥር የሚቻለው ዝቅተኛ ጫፍ ላይ፣ ለምሳሌ -12 ዴሲቤል ላይ ካረፈ ሪሲቨሩ ማውረድ የሚችለውን ሁሉ አውርዶ አልበቃውም ማለት ነው። የሰብዉፈሩን ማዞሪያ ዝቅ አድርገው እንደገና ይለኩ።

ስፒከር ተገልብጦ ተገናኝቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ገመዱን ያረጋግጡ፤ ትክክል ከሆነ አልፈው ይሂዱ፣ ከግድግዳ የሚነጥር ድምፅና የአንዳንድ ስፒከሮች ውስጣዊ አሠራር ፕሮግራሙን ያሳስቱታል።

ንግግሩ አሁንም ካልተሰማ

የፊልም ድምፅ የሚዘጋጀው ለትልቅ አዳራሽ ነው። ሪሲቨሩ ላይ የቮሊዩሙ 0 ዴሲቤል ያንን የአዳራሽ መለኪያ ያመለክታል፤ እዚያ ላይ የአንድ ስፒከር ከፍተኛ ድምፅ 105 ዴሲቤል፣ የልዩ ቤዙ ቻናል 115 ይደርሳል። ቤት ውስጥ ማንም እዚያ ስለማያደርሰው -25 ወይም -30 ላይ ስናዳምጥ ለስላሳው ንግግር ከክፍሉ ጫጫታ በታች ይወርዳል። የመሃሉን ስፒከር ብቻ በ2 ወይም በ3 ዴሲቤል ከፍ ያድርጉ። ማታ ማታ ደግሞ የድምፅ ስፋትን የሚያጠብበውን፣ ብዙ ጊዜ ናይት የሚባለውን ሴቲንግ ያብሩ፤ ፍንዳታውን ያወርዳል፣ ሹክሹክታውን ያነሣል። ድምፅ ጥራት አዋቂዎች ይህን ቢንቁትም፣ ሰው በተኛበት ቤት ከእነርሱ ጋር አልስማማም።

የከንፈር እንቅስቃሴና ድምፅ ካልገጠሙ ሊፕ ሲንክ የሚለውን ያስተካክሉ።

የልኬቱን ቁጥሮች ከስክሪኑ ላይ በስልክ ፎቶ ያንሡ፤ ሪሲቨሩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ካስፈለገ ሁሉም ይጠፋሉ። ሶፋው ከተነሣ፣ ወፍራም ምንጣፍ ከተነጠፈ ወይም ሰብዉፈሩ ቦታ ከለወጠ ልኬቱ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ እንደገና ይወሰዳል፤ ቴሌቪዥኑ ብቻ ከተለወጠ ግን የድምፅ መውጫውን ሴቲንግ መልሶ ማየት ይበቃል።