የአምቡላንሱ ፈቃድ ችግር የተፈታው ከሊብሬው ነው
ኮምቦልቻ ላይ በአንድ ሚኒባስ የግል የአምቡላንስ አገልግሎት ለመጀመር ያቀረብነው የንግድ ፈቃድ ማመልከቻ የብቃት ማረጋገጫ አልተያያዘም ተብሎ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ለማረጋገጫው ስንሄድ ደግሞ ተሽከርካሪው አምቡላንስ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ተጠየቅን። ቃሬዛና የኦክስጅን ሲሊንደር ገጥመን ፎቶግራፍ ብናያይዝም፣ የነርሷንና የሾፌሩን የሙያ ማስረጃ ደጋግመን ብናስገባም ለውጥ አልመጣም።

ችግሩ ያለው ሊብሬው ላይ ነበር፤ የአገልግሎቱ ዓይነት ገና «የሕዝብ ማመላለሻ» ይላል። መኪናውን በቴክኒክ ምርመራ አሳልፈን የአገልግሎት ለውጡን ሊብሬው ላይ አስመዘገብን፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድንም (ይህን እኔም ዘንግቼው ነበር) በአዲሱ አገልግሎት ስም አስተካከልን። የብቃት ማረጋገጫው ከዚያ በኋላ ወጣ፤ የንግድ ፈቃዱም እሱን ይዘን ስንቀርብ ተሰጠን።