ፍልስፍናን ማንበብ በየትኛው መጽሐፍ ይጀመራል?

ፍልስፍና ለማንበብ የተነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ወፍራም የፍልስፍና ታሪክ ይገዛል፤ ሃምሳ ገጽ ሳይዘልቅ የስምና የዘመን ብዛት ያደክመዋል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ስለ ሃያ ፈላስፎች ከመስማት ይልቅ ከአንዱ ጋር ቁጭ ብሎ መከራከር ይሻላል።

በፕላቶ «አፖሎጂ» ይጀምሩ። የፕላቶ መምህር ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በአቴንስ ፍርድ ቤት ቆሞ ያቀረበው መከላከያ ነው፤ የጻፈው ፕላቶ ነው። ሰባ ዓመቱ ነበር፤ የተከሰሰው ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋን አማልክት አያምንም ተብሎ ነው። አጭር ስለሆነ መጀመሪያ ሳያቋርጡ በአንድ ምሽት ይጨርሱት። በማግስቱ እርሳስ ይዘው ይመለሱ። ሶቅራጥስ ከእርሱ የሚበልጥ ጠቢብ ለመፈለግ ወደ ፖለቲከኞች፣ ወደ ገጣሚዎች፣ ከዚያም ወደ እጅ ባለሙያዎች የሄደበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ቀስ ይበሉ። ባለሙያዎቹ ሥራቸውን በእርግጥ ያውቃሉ፤ ነገር ግን አንዱን በማወቃቸው ሌላውን ታላቅ ነገር ሁሉ የሚያውቁ ይመስላቸዋል። እዚህ ኅዳግ ላይ «እኔስ?» ብለው ይጻፉ። መጽሐፉን ሲጨርሱ ደግሞ ዳኛ ቢሆኑ እንዴት እንደሚፈርዱ በግማሽ ገጽ ከነምክንያቱ ያስፍሩ። ይህን ሥራ አይዝለሉት፤ ፍልስፍና የሚጀምረው በዚያች ግማሽ ገጽ ላይ ነው።

ቀጥሎ የዘርዓ ያዕቆብን «ሐተታ» ያንብቡ፤ የአክሱሙን ሰው ማለቴ ነው፣ ንጉሡን አይደለም። ዛሬ በአማርኛ «ሐተታ» ስንል ማብራሪያ ማለታችን ነው፤ በግእዝ ግን ሐተተ ማለት መረመረ፣ ጠየቀ ነው። ሶቅራጥስ ያልተመረመረ ሕይወት ለሰው አይገባም ያለውን ይዘው ሲመጡ ሁለቱ መጻሕፍት ይነጋገራሉ። ጸሐፊው በሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ጠብ ምክንያት ሸሽቶ በዋሻ መቀመጡን ይተርካል። ከዚያ የሚያነሣው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ሁሉም የኔ ሃይማኖት ብቻ ትክክል ነው ካለ ማን ይፈርዳል? መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ክርክሩን ማወቅ ይገባል። ጥያቄው ግን ማንም ይጻፈው መልስ ይፈልጋል።

የማርቆስ አውሬሊዮስን «ማሰላሰል» ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አይሞክሩ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ለራሱ የያዘው ማስታወሻ ስለሆነ ይደጋግማል። ጠዋት ጠዋት አንድ አንቀጽ ይበቃል።

በመጨረሻ እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1912 ለአጠቃላይ አንባቢ የጻፈውን «የፍልስፍና ችግሮች» ይክፈቱ። የሚጀምረው በአንድ ጠረጴዛ ነው። ቀለሙ እንደ ብርሃኑና እንደ ቆሙበት ቦታ ከተለዋወጠ ትክክለኛው ቀለም የቱ ነው? መጽሐፉን አስቀምጠው የራስዎን ጠረጴዛ በመስኮት በኩልና በመብራት ይዩት፤ ከዚያ ወደ ገጹ ይመለሱ። ይህ ምዕራፍ ከገባዎት እ.ኤ.አ. በ1641 የታተመው የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት «ሜዲቴሽን» አይከብድዎትም። ከባዱን ጀርመናዊ ፈላስፋ ካንትን ግን ለጊዜው ያቆዩት።

አብሮዎት የሚያነብ አንድ ሰው ቢያገኙ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተገናኙ፤ አንዱ የደራሲውን ሐሳብ ይደግፍ፣ ሌላው ይቃወም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ ተለዋወጡ።