መስኮቴን ሲነቁር የከረመውን ድንቢጥ ያስቆመው ነገር

ለ9 ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሰኝ «ጠቅ ጠቅ» የሚል ድምፅ ነበር። አዲስ አበባ በየግቢው የሚታየው ድንቢጥ ነው፤ ራሱ ግራጫ፣ ጀርባው ዝገት የመሰለ ቡናማ። የመኝታ ቤቴ መስኮት ጠርዝ ላይ ይቆምና መስታወቱን ይነቁራል፣ በክንፉ ይመታል። ጠጋ ብዬ ሳይ መስታወቱ በትንንሽ እርጥብ ነጠብጣብ ተሞልቷል።

መጀመሪያ የራበው መስሎኝ ጥሬ በተንኩለት። በልቶ ተመለሰ። ባባርረው አምስት ደቂቃ አይቆይም። ወፍራም መጋረጃ ስጋርድ ጭራሽ ባሰበት። አሮጌ ሲዲ በክር አንጠለጠልኩ፤ ሁለት ቀን ፈራና ለመደው።

ነገሩ የገባኝ ወደ ውጭ ወጥቼ እሱ በሚቆምበት ልክ ጎንበስ ስል ነው። ፊቴ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ለካ መጋረጃው ውስጡን አጨልሞ ነጸብራቁን አጉልቶታል። በመራቢያ ወቅት ወፎች ክልላቸውን አያስደፍሩም፤ የገዛ ምስሉን ባላንጣ አድርጎት ነው። አንጀቴን በላው።

የልብስ ሳሙና ትንሽ አርጥቤ የመስታወቱን ታችኛ ግማሽ ከውጭ በኩል ቀባሁት፤ ነጭ ሆኖ ምስል እስከማያሳይ ድረስ። ከውጭ መሆኑን ልብ በሉ፤ ከውስጥ ቢቀባ ነጸብራቁ አይጠፋም። በማግስቱ ሁለቴ መጥቶ ትንሽ ቆየና ሄደ። በሦስተኛው ቀን ቀረ። ዝናብ ካጠበው ደግማችሁ መቀባት ነው። የመኪና ስፖኪዮ የሚነቁር ከሆነ ደግሞ መኪናውን ስታቆሙ ፌስታል ወይም አሮጌ ካልሲ አልብሱት።