የፍለጋ ማመቻቸትን ከአዲስ አበባ ሆኖ ለመማር፦ ምን ይነበባል፣ ምን ይሞከራል

አዲስ አበባ መሃል ላይ ሱቅ ወይም ቢሮ ያለው ሰው ስለ ኢንተርኔት ግብይት መማር ሲያምረው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላውም እርስ በርሱ የሚጣላ ምክር ይከመርበታል። አንዱ ቁልፍ ቃሉን (ደንበኛ ጉግል ላይ የሚጽፈውን ቃል) ደጋግመህ ጻፍ ይለዋል፣ ሌላው ሊንክ (ከሌላ ድረ ገጽ ወደ ገጽህ የሚያመራ ማያያዣ) ግዛ ይለዋል፣ ሦስተኛው ደግሞ ጉግል አብቅቶለታል ብሎ ተስፋ ያስቆርጠዋል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው የፍለጋ ማመቻቸትን፣ ማለትም ድረ ገጽ በጉግል ፍለጋ ላይ ከፍ ብሎ እንዲወጣ የማድረግን ሥራ መማር ለሚፈልግ እንዲህ ላለው ጀማሪ ሲሆን፣ የትኛው ምንጭ ቀድሞ ቢነበብ እንደሚሻልና ለእንግሊዝኛ ድረ ገጾች የተጻፈው ትምህርት በአማርኛ ለሚነግድ ሰው የት ላይ እንደሚጎድለው ያሳያል።

መነሻዎ ጉግል ራሱ ለድረ ገጽ ባለቤቶች ባዘጋጀው ሰርች ሴንትራል በተባለው ገጹ ያወጣው የጀማሪዎች መመሪያ ይሁን። መመሪያው ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ አጥሮና ታድሶ ቀርቧል። በአማርኛ ስላልተተረጎመ በእንግሊዝኛ ማንበብ ግድ ይላል፤ ይሁንና አጻጻፉ ቀላል በመሆኑ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። እኔ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ደብተር ላይ እየገለበጥሁ ነው ያነበብሁት፤ ስልክ ላይ እየዘለሉ ከማንበብ ይልቅ እንዲህ ማድረጉ ይሻላል። ከመመሪያው ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል፣ ሰዎች በከንቱ የሚጨነቁባቸው ነገሮች የተዘረዘሩበት ነው፦ በገጹ ስውር ኮድ ውስጥ ቁልፍ ቃላትን መደርደር፣ አንድን ቃል እስኪያስጠላ መደጋገም፣ ጽሑፍ የግድ ይህን ያህል ቃል ሊኖረው ይገባል ብሎ መቁጠር። በዚያው ሥፍራ የሚገኘው ስለ ፍለጋ አሠራር የሚናገረው ገጽም አብሮ መነበብ አለበት። ጉግል ሥራውን በሦስት ደረጃ እንደሚሠራ፣ ይኸውም ገጹን እንደሚያስስ፣ በማውጫው እንደሚመዘግብና ለጠያቂው እንደሚያቀርብ ያስረዳል። ይህን የተረዳ ሰው «ድረ ገጼ ጉግል ላይ አይወጣም» ከማለት ይልቅ፣ ያልታሰሰ ነው ወይስ ታስሶ ያልተመዘገበ፣ ወይስ ተመዝግቦ ወደ ኋላ የቀረ ብሎ መጠየቅ ይጀምራል።

ከጉግል ቀጥሎ ገለልተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ኩባንያው ስለ ራሱ ሁሉን አይናገርምና። ለመሠረታዊ ትምህርት ሞዝ የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው የጀማሪዎች ትምህርት አሁንም በቅደም ተከተሉ የሚመሰገን ነው። ኤችሬፍስ የተባለው ሌላ ኩባንያ የሚያወጣቸው ጽሑፎች በተግባራዊነታቸው ይበልጣሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ በመጨረሻ የራሱን መሣሪያ ወደ መሸጥ እንደሚያመሩ እያወቁ ማንበብ ነው። ለዕለታዊ ዜና ዳኒ ሰሊቫን እ.ኤ.አ. በ2006 የመሠረተው ሰርች ኢንጂን ላንድ እና ባሪ ሽዋርትዝ ከ2003 ጀምሮ የሚጽፍበት ሰርች ኢንጂን ራውንድቴብል ይታወቃሉ። እነዚህን ግን ጀማሪ በየቀኑ እንዲያነብ አልመክርም። ዜናው ሁሉ ባለሙያን የሚያስጨንቅ እንጂ ባለ ሱቅን የሚመለከት አይደለም፤ በወር አንድ ጊዜ ማየቱ ይበቃል።

የሚያነቡት ጽሑፍ ያረጀ መሆኑን ለመለየት ጥቂት ዓመታትን በአእምሮ መያዝ ይጠቅማል። ጉግል በስውር ኮድ የሚጻፉ ቁልፍ ቃላትን ለደረጃ እንደማይጠቀም በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ለይስሙላ የተጻፉ ቀጫጭን ጽሑፎችን የመታው ፓንዳ የተባለው የጉግል ፍለጋ ማሻሻያ በ2011፣ የተገዙና የተቀነባበሩ ሊንኮችን የመታው ፔንግዊን የተባለው ማሻሻያ በ2012 ወጥተዋል። የገጽን የምላሽ ፍጥነት የሚለካው መስፈርት ደግሞ በመጋቢት 2024 ተቀይሯል። ስለዚህ አንድ አሠልጣኝ ዛሬም ቁልፍ ቃላትን በኮድ ውስጥ ደርድሩ ካለ፣ ትምህርቱ ከ15 ዓመት በላይ እንዳረጀ ወዲያውኑ ያውቁታል።

ይህን ሳላውቅ የከፈልሁት ዋጋ ስላለ ነው የማነሣው። ሥራ በጀመርሁበት ሰሞን «በአንድ ወር ውስጥ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አወጣሃለሁ» ላለኝ ሰው ገንዘብ ከፍዬ፣ ከሥራዬ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌላቸው የባዕድ አገር ገጾች የተለጠፉ ሊንኮች ብቻ ተረከብሁ። አንደኛ ደረጃን ዋስትና ሊሰጥ የሚችል ማንም እንደሌለ ጉግል በግልጽ ጽፎት ይገኝ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ።

ንባቡ እዚህ ላይ ሲደርስ ዋናውን መማሪያ መክፈት ያስፈልጋል፤ እርሱም ጉግል በነፃ የሚሰጠው ሰርች ኮንሶል የተባለው መሣሪያ ነው። የድረ ገጽዎን ባለቤትነት ካረጋገጡ በኋላ ሰዎች ምን ብለው ሲፈልጉ ገጽዎ እንደታየ፣ ስንት ጊዜ እንደተነካና በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደወጣ እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ሄዶ ያሳያል። የማንም የውጭ ጸሐፊ ምክር ይህን ሊተካ አይችልም፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ የሚያዩት የራስዎ ደንበኛ በራሱ ጣት የጻፈውን ነው። በዶላር የሚከፈልባቸው የቁልፍ ቃል መሣሪያዎች ለአማርኛ ቃል ብዙ ጊዜ ዜሮ ስለሚያሳዩ፣ ጀማሪው «በአማርኛ የሚፈልግ የለም» ብሎ ይደመድማል። ዜሮው የመሣሪያው ነው። ያንኑ ቃል ሰርች ኮንሶል ላይ ሲያዩት ታይቶ፣ ተነክቶ ሊያገኙት ይችላሉ።

የውጭ መማሪያዎች ጨርሶ የማያነሡት ትልቁ ጉዳይ ፊደላችን ነው። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሆነው በጽሑፍ ይለያያሉ፤ ስልክ ላይ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ለጣቱ የቀረበውን ይጽፋል። «የሠርግ ዕቃ ኪራይ» የሚለውን ብቻ እንውሰድ፦ የሠርግ ዕቃ፣ የሰርግ ዕቃ፣ የሠርግ እቃ፣ የሰርግ እቃ ተብሎ በአራት መንገድ ይጻፋል። ፀጉር ቤትና ጸጉር ቤት፣ ሥጋ ቤትና ስጋ ቤትም እንዲሁ ናቸው። ማድረግ የሚገባው እያንዳንዱን አጻጻፍ በራስዎ ስልክ ፈልጎ ውጤቶቹን ማነጻጸር፣ ከዚያም ሰርች ኮንሶል ላይ የትኛው እንደሚበዛ ማየት ነው። በእኔ አስተያየት በገጹ ርዕስ ላይ ደንበኛ አብዝቶ የሚጽፈውን፣ በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሌላውን አጻጻፍ አንድ ቦታ ላይ መጠቀም በቂ ነው። አራቱን ጎን ለጎን መደርደር አንባቢን ያስቀይማል፤ የሰዋስው መምህር ቢያየው ደግሞ ጉዱ ሌላ ነው። ብዙ ሰው የአማርኛ ቃልን በላቲን ፊደል እንደሚጽፍም አይዘንጉ፤ ይህም ሰርች ኮንሶል ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሌላው የቋንቋችን ጠባይ የ፣ በ፣ ለ እና ከ ከቃሉ ጋር ተጣብቀው መጻፋቸው ነው። የእንግሊዝኛው ትምህርት ደንበኛ የሚጽፈውን ሐረግ እንዳለ ተጠቀሙ ሲል፣ የአማርኛ ጸሐፊ ግን ሳያስበው «በፒያሳ»፣ «የፒያሳ»፣ «ከፒያሳ» እያለ ጽፎ «ፒያሳ» የሚለው ባዶ ስም አንድም ቦታ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «የሠርግ ልብስ ኪራይ፣ ፒያሳ» እንደሚለው ያለ፣ የሠፈሩ ስም ምንም ሳይጣበቅበት የቆመበት ርዕስ ይምረጡ። አማርኛውንና እንግሊዝኛውን በአንድ ገጽ ላይ አጠገብ ለአጠገብ መጻፍም የከተማችን ልማድ ሆኗል፤ ጉግል የሚመክረው ግን ለእያንዳንዱ ቋንቋ የየራሱን ገጽ ማዘጋጀት ነው።

የገጹን የኢንተርኔት አድራሻ በተመለከተ ደግሞ ፊደላችንን ብንወደውም አድራሻው በአጭር የላቲን ቃል ቢሆን ይሻላል። አንድ የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተር ጽሑፍን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው አሠራር 3 ባይት ስለሚይዝ፣ አድራሻው ተቀድቶ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ እያንዳንዱ ፊደል ወደ 9 ምልክት ሊዘረዘር ይችላል፤ የ20 ፊደል ርዕስ 180 ምልክት ሆኖ ሲታይ ደንበኛ ቫይረስ መስሎት ሳይነካው ያልፋል። የሱቁን ዋጋና አድራሻ በፖስተር ሥዕል ላይ ብቻ ጽፎ መተውም ይጎዳል፤ በሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ በገጹ ላይ በፊደል መጻፍ አለበት።

የንግድ ሥፍራ ላለው ሰው ከድረ ገጹ ቀድሞ የሚመጣው የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል፣ ማለትም በካርታው ላይ የሚወጣው መዝገብ ነው። ጉግል የአካባቢ ውጤቶችን ለመደርደር ሦስት ነገሮችን እንደሚመዝን ይገልጻል፦ ከተፈለገው ጋር መስማማቱን፣ ርቀቱንና ታዋቂነቱን። ርቀት ከሚመዘኑት አንዱ በመሆኑ፣ በካርታው ላይ ያለው የሱቁ ምልክት ትክክለኛው ቦታ ላይ መቀመጡ ከማንኛውም ብልሃት ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ለመልሶ ማልማት ሲነሡ የተዛወሩ ነጋዴዎች፣ የድሮው ምልክት ቆሞ ቀርቶ ደንበኛን ወደ አጥር እየመራባቸው እንዳይሆን ዛሬውኑ ማየት ይገባቸዋል። አዲስ መዝገብ ከመክፈት ይልቅ የነበረውን አድራሻ ማስተካከል ይሻላል፤ የተሰበሰቡት አስተያየቶች አብረው ይዘዋወራሉና። በከተማችን ቤት በቁጥር ስለማይፈለግ፣ በመግለጫው ላይ «ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት» ወይም «ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ» እንደሚባለው ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይጻፉ። በንግዱ ስም ላይ ግን አይጨምሩት፤ ስሙ በበርዎ ታፔላ ላይ ያለው ብቻ መሆን አለበት፣ ከዚያ ያለፈው ከጉግል ደንብ ውጭ ነው። አስተያየት ለሚጽፍ ደንበኛ ቅናሽ ወይም ስጦታ መስጠትም ክልክል ነው።

የሥራ ሰዓት ላይ ደግሞ እኛን ብቻ የሚያገኝ ስሕተት አለ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የሚሠራ ሰው ቁጥሮቹን እንዳሉ ቢያስገባ፣ ካርታው ሱቁ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ እንደሚዘጋ አድርጎ ያሳያል፤ ደንበኛውም ከሰዓት በኋላ «ዝግ ነው» የሚል አይቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ትክክለኛው ከ8፡00 እስከ 18፡00 ብሎ ማስገባት ነው። የበዓላት ልዩ ሰዓትም በፈረንጅ ቀን ቀድሞ ይሞላል፤ ገና በጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ 19 ይውላሉና።

ስለ ወቅት ከተነሣ፣ የጉግል ትሬንድስ ገጽ ኢትዮጵያን መርጦ አንድ ቃል በየትኛው ወር እንደሚፈለግ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያሳያል። በጥር ለሚበዛ ሠርግ ገጽ የሚጻፈው በጥር አይደለም። የጉግል የጀማሪዎች መመሪያ ራሱ አንዳንድ ለውጥ በሰዓታት፣ አንዳንዱ ግን በወራት እንደሚታይ ስለሚናገር፣ በመስከረምና በጥቅምት ተጽፎ ማለቅ አለበት።

ከፍለጋ ውጭ ስላለው ግብይት ሃብስፖት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የተመሠረተ ኩባንያ በአካዳሚው ነፃ ኮርሶችን ከነምስክር ወረቀታቸው ይሰጣል። ኮርሶቹ ኢሜይል ላይ ብዙ ይቆያሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ያንን ሥራ የሚሠራው የቴሌግራም ቻናል ስለሆነ፣ ኢሜይል የሚለውን ቃል ሁሉ ቴሌግራም ብለው ቢያነቡት ትምህርቱ ብዙም አይጎድልበትም። ቻናሉ የሚያገለግለው ግን አስቀድሞ የሚያውቅዎትን ሰው ነው፤ ከወሎ ሰፈር ተነሥቶ ዛሬ ጥርስ ሐኪም የሚፈልግ እንግዳ የሚጽፈው ጉግል ላይ ነው።

አካሄዱን ሲጀምሩ የመጀመሪያውን ሳምንት ለካርታው መዝገብ፣ ሁለተኛውን ለጉግል መመሪያ፣ ሦስተኛውን ሰርች ኮንሶልን ለመክፈትና አንድ ገጽ ብቻ መርጦ ርዕሱን ለማስተካከል ያውሉት። የቀየሩትን ነገርና ቀኑን ደብተር ላይ ይመዝግቡ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ገጽ ጥቂት ሳምንታት ሳይነኩ ይቆዩና፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርገው ይዩት።