ከባሕሩ አጠገብ ያለ ቤት፦ ሳሎንና በረንዳን አንድ ማድረግ

እስራኤል ውስጥ ባለችው የባሕር ዳር ከተማ አሽቀሎን የቤት እድሳት ስሠራ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ በሩ ስፋት ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ቀና ብዬ የበረንዳውን ስላብ ነው የማየው። እናንተም በመዶሻ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩት። ውስጡ ባዶ የሆነ ድምፅ ከሰጠ፣ ወይም ቡናማ መስመር ከወጣበት፣ የባሕሩ ጨው ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት (ፌሮው) ጋ ደርሷል ማለት ነው። የዛገ ፌሮ ያብጣል፤ ኮንክሪቱን ይሰነጥቃል። ይሄ ሳይጠገን በር መግዛት ብር መጣል ነው።

ግድግዳውን መሐንዲስ ሳያየው አንድ ብሎኬት እንዳታነሱ። ማማዱን (ከሮኬት መጠለያ የሆነውን ወፍራም ግድግዳ ያለውን ክፍል) ደግሞ ጭራሽ አትንኩት። የሕንፃው ፊት የሚቀየር ከሆነ ማዘጋጃ ቤቱንና ቫድ ባይቱን (የሕንፃውን ነዋሪዎች ኮሚቴ) አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዋናው ጣጣ ደፉ ላይ ነው። ሁሉም ሰው ወለሉ ከሳሎን እስከ በረንዳ እኩል እንዲሆንለት ይፈልጋል። ያምራል። ክረምት ላይ ግን የባሕሩ ነፋስ ዝናቡን አግድም ነው የሚያመጣው። ስለዚህ የውጩን ወለል ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርጉ። ከበሩ ሲርቅ በየሜትሩ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ያዘቅዝቅ። በሩ ሥር ወንፊት ክዳን ያለው ጠባብ የውሃ መውረጃ ይቀበር። ውሃ መከላከያው ከደፉ ሥር አልፎ ወደ ላይ ይታጠፍ። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት በረንዳው ላይ ውሃ አቁራችሁ አሳድሩ። ሠራተኛው «አያስፈልግም፣ እኔን እመኑኝ» ካለ፣ በተለይ ያኔ አሳድሩት።

ሴራሚኩ በቀለም አንድ ይሁን፤ የመጋጠሚያው መስመርም ከውስጥ ወደ ውጭ ሳይቋረጥ ይሂድ። ሳሎኑን ሰፊ የሚያስመስለው ይሄ ነው። የውጩ ግን ፊቱ ሻካራ ይሁን፣ አለበለዚያ ዝናብ ሲነካው ሰው ይጥላል።

ባሕሩ በምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ትገባለች። ፔርጎላ (በረንዳው ላይ የሚሠራ የርብራብ ጥላ) የቀትሩን ፀሐይ እንጂ ይቺን አይመልስም፤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ያስፈልጋል። ነፋሱም በዚያው በኩል ነው። አንዲት እናት «ልጄ፣ ረከቦቴን እዚህ ነው የማስቀምጠው» ብለው በሩ መሀል አሳዩኝ።

«እማማ፣ አመዱ ሶፋው ላይ ነው የሚያርፈው።»

«እንግዲያው ነፋሱን ከልልልኛ!»

በረንዳው ጥግ ላይ መስታወት አቆምኩላቸው፤ ከሰሉም ጠፍቶ አያውቅም።

ብሎንና ማጠፊያ ስትገዙ «ስቴንለስ ነው» መባሉ አይበቃም። 304 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ጨው አጠገብ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ጨውን የበለጠ የሚቋቋመውን 316 በሉ። አሉሚኒየም ላይ ስታስሩት መሀሉ የናይለን ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ይግባ፤ ሁለቱ ብረቶች ከጨው ጋር ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። በየጊዜው በሩን በቧንቧ ውሃ እጠቡት። በሩ የሚንሸራተትበትን ሐዲድ አሸዋ በብሩሽ ጥረጉና የሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት። ዘይት እንዳታደርጉ፤ አሸዋውን ይይዝና የበሩን ጎማዎች ይፈጫቸዋል።